ለግቢ ዝግጅት በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎችን የሚጠራ በራሪ ወረቀት አዘገጃጀት

በግቢ ሰሌዳዎች ላይ የሚለጠፉ አብዛኞቹ የበጎ ፈቃደኛ ጥሪዎች ዝግጅቱን ያስተዋውቃሉ እንጂ ሥራውን አይናገሩም። «ታላቅ የደም ልገሳ ፕሮግራም» የሚል ርዕስ በትልቁ ይጻፋል፤ የክበቦችና የድጋፍ ሰጪዎች ዓርማ ይደረደራል፤ ከሥር በደቃቅ ፊደል «በጎ ፈቃደኞች መመዝገብ ይችላሉ» ይባላል። ተማሪው ያነባል፣ ዝግጅት መኖሩን ያውቃል፣ ያልፋል። ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት፣ ለማን እንደሚናገር አልተነገረውምና ሌላ ምን ያድርግ? በጎ ፈቃደኛ የሚፈልግ ወረቀት ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ጋር ነው የሚቀራረበው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ አንድ ክበብ ሊያስተባብረው የሚችል የአንድ ቀን የደም ልገሳን ነው። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች አቀባበል፣ ለምረቃ ወይም ለችግኝ ተከላ ብታዘጋጁም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ቁጠሩ

ኮምፒዩተር ከመክፈታችሁ በፊት በዕለቱ የሚሠራውን ሁሉ ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ፊት የሰው ቁጥር አስቀምጡ። በደም ልገሳ ቀን የለጋሹን ጤንነት የሚጠይቁትም፣ መርፌውን የሚይዙትም የደም ባንክ ባለሙያዎች ናቸው። ለተማሪ የሚቀረው ግን ጥቂት አይደለም። ወንበርና ጠረጴዛ ለማውጣትና ለመመለስ 6 ሰው፣ ከግቢው በር ጀምሮ መንገድ ለማሳየት 4፣ ስም ለመመዝገብና ተራ ቁጥር ለመስጠት 6፣ ሰልፍ ለማስያዝ 4፣ ደም ሰጥተው የተነሱትን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስቀምጦ ውሃና ብስኩት ለማደልና ሰው ቢያዞረው ባለሙያ ለመጥራት 10። ድምሩ 30 ነው፤ በሁለት ፈረቃ ሲከፈል ለእያንዳንዱ 15 ይደርሳል።

ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ መግባት አለበት። «በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን» ሲባል ሁሉም ሌላ ሰው ይሄዳል ብሎ ያስባል፤ «30» ሲባል ግን የሚሞላ ቦታ እንዳለ ይታያል። መዝገቡን ግን 30 ላይ አትዝጉት። ፈተና የሚደርስበት፣ የሚታመም፣ ከቤተሰብ የሚጠራ አይጠፋምና 36 ወይም 38 እስኪደርስ ተቀበሉ።

ሁለተኛው ቅድመ ሥራ ፈቃድ ነው። የተማሪዎች ዲን ወይም የተማሪዎች ኅብረት ማህተም የሌለበትን ወረቀት ጥበቃ ይቀደዋል፤ ሥራው ስለሆነም አይወቀስም። ማህተሙ የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ ከወዲሁ ተዉለት። ክብ ማህተም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከታች በአንዱ ጥግ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይሁን። ቦታ ካልተተወለት ጸሐፊዋ ባዶ ያገኘችው ስልክ ቁጥሩ አጠገብ ነው፤ በማግስቱ 3 ይሁን 8 የማይለይ ቁጥር በመቶ ቅጂ ግቢውን ያጥለቀልቀዋል። ማህተሙን በዋናው ቅጂ ላይ አስመትቶ ከዚያ ማባዛት እያንዳንዱን ወረቀት ከማስመታት ያድናል። የሚቀበሏችሁ ግን በዚህ መንገድ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጽሑፉ

ንድፉን ከመጀመራችሁ በፊት ጽሑፉን ጨርሱ። ለምሳሌያችን የሚሆነው ይህን ይመስላል፦

ለደም ልገሳ ቀን 30 አስተባባሪ ተማሪዎች እንፈልጋለን
ቅዳሜ ግንቦት 15፣ ደሴ ግቢ፣ ግማሽ ቀን ብቻ
ሥራው፦ ለጋሾችን መቀበል፣ መመዝገብ፣ ሰልፍ ማስያዝ፣ ውሃና ብስኩት ማደል።
ፈረቃ፦ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡30 ወይም ከቀኑ 6፡30 እስከ 11፡00።
ልምድ አያስፈልግም፤ ሐሙስ ከቀኑ 11፡00 ላይ የአንድ ሰዓት ገለጻ አለ።
ደም መስጠት ግዴታ አይደለም።
ምሳና ሰርተፊኬት አለ።
ለመመዝገብ፦ እስከ ማክሰኞ ግንቦት 11 ድረስ ስማችሁን፣ ዲፓርትመንታችሁንና የምትመርጡትን ፈረቃ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ላኩ።

60 ቃል ገደማ ነው። የክበቡ ስም፣ ስልኩና የቴሌግራም አድራሻው ይጨመሩበታል፤ ከዚያ በላይ የሚገባ ነገር ካለ ሌላ ነገር መውጣት አለበት። መጀመሪያ የሚወጣው የክበቡ ታሪክና ዓላማ ነው።

«ግማሽ ቀን» ያልነው ሆነ ብለን ነው። ርዕሱ ላይ «የ4 ሰዓት ሥራ» ብትሉ አንዳንዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የሚጀምር ሥራ አድርጎ ያነበዋል። «ጠዋት» ወይም «ከቀኑ» ያልተጻፈበት ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። የስልኩን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ተማሪ ብዙ ነው፤ ቴሌግራም ላይ አስታዋሽ ሲሞላ 2፡00ን እንዳለ ይወስደዋል። በእንግሊዝኛ መስመር የምታክሉ ከሆነ እዚያ ላይ 8፡00 መሆን አለበት፤ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አመሳክሩ። ቀኑንም ሁልጊዜ ከሳምንቱ ቀን ጋር ጻፉት። «ግንቦት 15» ብቻ የተባለውን ማንም ሰው ከክፍል ፕሮግራሙ ጋር ለማነጻጸር አይቸኩልም፤ «ቅዳሜ» ሲባል ግን ወዲያው ነፃ መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው የዓመቱን ካሌንደር ከፍቶ ቀኑና ዕለቱ መግጠማቸውን ያረጋግጥ።

«ደሴ ግቢ» የሚለው ቃል ደግሞ መዘለል የለበትም። ዩኒቨርሲቲው ኮምቦልቻም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ በሐረጎ ቁልቁለት በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የቴሌግራም ምስል በአንድ ምሽት ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይደርሳል። ግቢው ካልተገለጸ ኮምቦልቻ ያሉት ለእነሱ መስሏቸው ይመዘገባሉ፤ እናንተም ጠዋት 2፡00 ላይ የማይደርስ ሰው ትቆጥራላችሁ። ከሁለቱም ግቢ የምትፈልጉ ከሆነ መጓጓዣ መኖር አለመኖሩን ጻፉ።

«ደም መስጠት ግዴታ አይደለም» የሚለው መስመር እዚህ ዝግጅት ላይ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚያስመጣው ነው። በአገራችን ለመለገስ ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ መሆን ይጠበቃል፤ በሁለት ልገሳ መካከል ደግሞ ቢያንስ 3 ወር ያስፈልጋል። በቅርቡ የሰጠ፣ ክብደቱ የማይደርስ ወይም መርፌ የሚፈራ ተማሪ «የደም ልገሳ» የሚለውን ሲያይ እኔን አይመለከትም ብሎ ያልፋል። ሰልፍ ለማስያዝና ውሃ ለማደል ግን ማንም አይበልጠውም። በሌላ ዝግጅትም እንዲህ ያለ ድብቅ ፍርሃት ይኖራል። ለአዲስ ገቢዎች አቀባበል ከሆነ «ሻንጣ ተሸካሚ ብቻ ልሆን ነው ወይ» የሚል፣ ለችግኝ ተከላ ከሆነ «አካፋ ከየት አመጣለሁ» የሚል። ፍርሃቱን ፈልጉና በአንድ አጭር መስመር መልሱለት።

ስለ ምሳ። ደሴ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚሠራው፤ ሥጋ ግን ለየብቻ ነው የሚበላው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። በያይነቱ ብታቀርቡ ማንም ሳይለይ አብሮ ይበላል፤ ወረቀቱ ላይም «ምሳ (የጾም)» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ዓርብ ቀን የምታዘጋጁ ከሆነ ፈረቃው ከጁምዓ ሰላት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ አድርጉ፤ በሰላቱ ሰዓት መሀል ላይ የሚቀየር ፈረቃ ሁለቱንም ቡድን ያጎድላል። ሰርተፊኬት የምትሰጡት የሚፈርመው አካል «እሺ» ካለ ብቻ ነው። ያልተረጋገጠ ሰርተፊኬት ወረቀት ላይ ከወጣ በኋላ ቢቀር በሚቀጥለው ጊዜ የሚመዘገብላችሁ አይኖርም።

ግሱን በብዙ ቁጥር አድርጉት፦ «ተመዝገቡ»፣ «ላኩ»። «ተመዝገብ» ሴቶችን ያስወጣል፤ «ይመዝገቡ» ደግሞ የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። ስልክ ቁጥሩም የክበቡ ወይም የቢሮ ቢሆን ይመረጣል። የአንዲት ተማሪን የግል ቁጥር ግቢ ሙሉ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ለወራት የማያቆም ጥሪ እሷ ላይ ማምጣት ነው። የግድ ከሆነ የቴሌግራም የተጠቃሚ ስም ብቻ ይውጣ፤ እሱን በኋላ መቀየር ይቻላል።

ፊደልና አቀማመጥ

መነሻው አንድ ኤ4 ወረቀት ይሁን፤ 210 በ297 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ ላይ። ብዙዎቹ አታሚዎች የወረቀቱን ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማያትሙ በአራቱም ጎን 12 ሚሊ ሜትር ተዉ። ርዕሱ ከ54 እስከ 60 ነጥብ፣ ቀንና ቦታው ከ28 እስከ 32፣ ዝርዝሩ ከ16 እስከ 18 ይሁን። ከ14 በታች ምንም አይኑር፤ ሰሌዳ ላይ ያለን ወረቀት ሰው ቆሞ ሳይሆን እየሄደ ነው የሚያነበው። የመስመር ክፍተቱ 1.3 ይሁን። ግዕዝ ፊደል ከላይም ከታችም ምልክት ስላለው ሲጠጋጋ ይጣበቃል።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው አንድን ነገር ጎላ ማድረግ የምትችሉት በመጠን፣ በውፍረትና በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ነው። ማስመርና ማዝመም አይስማማውም። መስመር ከሥር ሲሰመር የ«ሩ»ንና የ«ዩ»ን እግር ይቆርጣል። ስለ ውፍረት ሲነሳ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኒያላ የተባለው ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ወፍራም አድርገው ሲያዙት ኮምፒዩተሩ ራሱ ያደልበዋል። ያኔ በ«ቡ» እና በ«ቢ»፣ በ«ሙ» እና በ«ሚ» መካከል ያለው ትንሽ ቅጥያ ይደፈናል፤ ከሁለተኛው ፎቶ ኮፒ በኋላ ጭራሽ አይለይም። ለርዕስ የራሱ ወፍራም ቅርጽ ያለውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተጠቀሙ፤ በነፃ ይገኛል። ለዝርዝሩ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ መልካም ነው። ከሁለት ዓይነት በላይ አትቀላቅሉ።

ርዕሱ ከአንድ መስመር ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ በመጣለት ቦታ እንዳይሰብረው እናንተ ስበሩት። «ለደም ልገሳ ቀን» አንድ መስመር፣ «30 አስተባባሪ ተማሪዎች» ሁለተኛው፣ «እንፈልጋለን» ሦስተኛው። «30» ብቻውን መስመር መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ዓይን ይስታል። ቁጥሩን ከቃሉ ጋር አያይዙ።

ሥዕል ከፈለጋችሁ በመስመር የተሠራ አንድ ሥዕል ይበቃል፤ ለምሳሌ የደም ጠብታ፣ ወይም ብርጭቆ የያዘ እጅ። ፎቶግራፍ በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ጥቁር እድፍ ነው የሚሆነው። የመርፌ ፎቶማ አይሞከር። የቀይ መስቀል ምልክትን ለጌጥ አታስገቡ፤ በ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነቶች የተጠበቀ ዓርማ ስለሆነ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። የድርጅት ዓርማዎችን በሙሉ ከታች በአንድ ረድፍ፣ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቁመት አስቀምጡ። ዓርማው ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ደጋፊ ይኖራል፤ የላይኛው ሲሶ ግን ለርዕሱ ብቻ ይጠበቅ።

ኪውአር ኮድ የምታስገቡ ከሆነ ከ3 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ በዙሪያው ነጭ ቦታ ይኑረው፤ ጥቁሩ በነጭ ላይ ይሁን። ሊንኩ ረጅም ከሆነ ነጥቦቹ ስለሚበዙና ስለሚደቁ አሳጥሩት። ሙከራውን ስክሪን ላይ ሳይሆን ፎቶ ኮፒ በተደረገው ወረቀት ላይ፣ በርካሽ ስልክ አድርጉ። ኮዱ ብቻውን ግን አይበቃም። የኢንተርኔት ጥቅል የሌለው ተማሪ ኤስኤምኤስ መላክ ስለሚችል ቁጥሩ በጉልህ ይጻፍ። ሰሌዳ ላይ ለሚለጠፉት ደግሞ ከታች ስልክና ቀን የተጻፈባቸው ተቀዳጅ ቁራጮች ይኑሩ። 210 ሚሊ ሜትሩን ለ10 ስትከፍሉት እያንዳንዱ 21 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ያኔ ማህተሙ ከቁራጮቹ በላይ መቀመጡን አትርሱ። በመቀስ አስቀድማችሁ ቁረጧቸው፤ ካልተቆረጡ ማንም አይነካቸውም። ሁለቱን ራሳችሁ ቀድዳችሁ ለጥፉት፤ የተነካ ወረቀት ሌላውን ያደፋፍራል።

ኮፒ ቤት ስትሄዱ

በጣም የሚደጋገመው ብልሽት እዚህ ነው። ጽሑፉን በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንት ጽፋችሁ የወርድ ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። በዩኒኮድ ፎንት (እንደ ኒያላና ኖቶ ባሉት) ጻፉ፤ ከዚያ በፒዲኤፍ አስቀምጣችሁ ያዙ። ፒዲኤፉን በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት፤ እዚያ ላይ በትክክል ከታየ ኮፒ ቤትም አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይታያል። በካንቫ የምትሠሩ ከሆነ የመረጣችሁት ፎንት ፊደላችንን የያዘ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልያዘ ፕሮግራሙ በሌላ ይተካውና መጠኑም አሰላለፉም ይዛባል።

ዋናውን ቅጂ በሌዘር ፕሪንተር አውጡ። ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው (ኢንክጄት) ፕሪንተር ሕትመት ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጦሳ ተራራ ላይ የተኛው ጉም ጠዋት ጠዋት ወርዶ ግድግዳውን ሁሉ ያረጥበዋል። ኮምቦልቻ ላይ ዝቅ ብሎ ሞቃት ስለሆነ ችግሩ ፀሐይ ነው፤ የኢንክጄት ሕትመት ፀሐይ ያለማቋረጥ ሲመታው ይደበዝዛል። ሌዘር ሁለቱንም ይችላል።

ቀለም የሚያስፈልገው ለቴሌግራሙ ምስል ብቻ ነው። ለወረቀቱ ጥቁር በነጭ ሠርታችሁ አባዙት። በቀለም የተሠራውን ወስዶ በጥቁርና ነጭ ማባዛት ቢጫውን ያጠፋዋል፤ ቀዩንና አረንጓዴውን አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ሙሉ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍም አይመከርም፤ ቶነር ይጨርሳል፣ ማሽኑ ያዝረከርከዋል፣ ባለቤቱም ዋጋ ይጨምራል። ቀለም ያለው መልክ ከፈለጋችሁ ጥቁሩን ጽሑፍ ቢጫ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወረቀት ላይ አስባዙት፤ ሰሌዳ ላይ ካሉት ነጭ ወረቀቶች መሀል ይለያል።

ለእጅ የሚታደለው ኤ5 ይሁን፤ የኤ4 ግማሽ ነው። ኮፒ ማሽኑን 71 በመቶ ላይ አድርጉና ሁለት ቅጂ በአንድ ገጽ አስገቡ፤ ያኔ 16 ነጥብ የነበረው ፊደል ከ11 በላይ ይሆናል፣ በእጅ ይዘው ያነቡታል። የተቀዳጅ ቁራጮቹ ለዚህ አያስፈልጉም፤ አውጡና ጽሑፉን አሳድጉ። ለአንድ ግቢ 40 ኤ4 እና 200 ኤ5 በቂ መነሻ ነው፤ በወረቀት ሲቆጠር 40 ሲደመር 100፣ 140 ቅጠል። ከዋናው ቅጂ በቀጥታ አስባዙ፤ የኮፒ ኮፒ ፊደሉን ያበላሸዋል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አስወጡና ስልኩን ደውላችሁ ሞክሩት፤ ስህተት ካለ 140 ላይ ከምታዩት አንዱ ላይ ብታዩት ይሻላል።

መለጠፍና ማደል

ጊዜው ከዝግጅቱ 10 ቀን በፊት ይሁን። ቀደም ካለ ይረሳል፣ ከዘገየ ተማሪው ለቅዳሜ ሌላ ቀጠሮ ይዟል። ከሁሉ የተሻለው ቦታ ሰው የሚቆምበት ነው፦ የካፌ ሰልፍ፣ የላይብረሪ መግቢያ፣ የዶርም ብሎክ በር ውስጠኛው ጎን፣ ውሃ የሚቀዳበት። ዋናው በር ላይ ግን ሁሉም እየቸኮለ ስለሆነ ብዙ አይነበብም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ፕላስተር አይዝም፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና አራቱንም ጥግ ለጥፉ፣ ሰሌዳ ካለ በስፒል አያይዙ። ሙጫና የዱቄት ልጥፍ ቀለም ስለሚያነሳ በሚቀጥለው ጊዜ ፈቃድ ያስከለክላችኋል።

ኤ5ቱን ስታድሉ ሰውየው እስኪያነበው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ይመችሃል ወይስ ከሰዓት?» ሰው ሲጠየቅ ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ መልስ ይሰጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እዚያው መዝግቡት።

ቴሌግራም ላይ ምስሉን ስትለቁ ጽሑፉን ከሥሩ ደግማችሁ ጻፉት፤ ምስል ለማውረድ ጥቅል የማይበቃው ሰው ጽሑፉን ያነባል፣ ስልክ ቁጥሩንም ነክቶ ይደውላል። ለሌላ ሰው እንዲያትመው የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ በፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰውና ሲታተም ፊደሉ ይደበዝዛል።

ለተመዘገበ ሁሉ በዚያው ቀን መልስ ስጡ፦ ስሙን፣ ፈረቃውን፣ የገለጻውን ቦታ ጠቅሳችሁ። መልስ ያላገኘ ተማሪ እንዳልተመረጠ ነው የሚያስበው። አንዱ ፈረቃ ቀድሞ ከሞላ ወረቀቶቹ ላይ በማርከር «የጠዋቱ ሞልቷል» ብላችሁ ጨምሩ፤ ቴሌግራሙ ላይም አርሙት። ዓርብ ማታ ለሁሉም ደውሉ፤ የማይመጣ ካለ ከተጠባባቂዎቹ ተኩ። ዝግጅቱ እንዳለቀ የለጠፈው ቡድን ራሱ ወረቀቶቹን ያንሳ፤ ተቀዳጅ ቁራጮቹ ያለቁበትን ቦታ እየጻፈ ከሆነ ለሚቀጥለው ዝግጅት የት መለጠፍ እንዳለበት በእጁ ያገኘዋል።